አሳቲግ፣ ቺንኮቲግ ወይስ ኬፕ ሄንሎፐን? ለሁለት ሰው የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ

ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ቀኑን ውቅያኖስ ዳር ብስክሌት ሲነዱ ውለው፣ ማታ ቤታቸው መግባት ለሚፈልጉ ጥንዶች ሦስት ቦታዎች ይመቻሉ። ሁለቱ በአንድ ደሴት ላይ ናቸው። የአሳቲግ ደሴት ሰሜኑ ሜሪላንድ፣ ደቡቡ ቨርጂኒያ ሲሆን የቨርጂኒያው ጎን በአጠገቡ ባለችው ከተማ በቺንኮቲግ ስም ይታወቃል። ሦስተኛው በዴላዌር የሚገኘው የኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ ነው።

ከሁለት አንዳችሁ ብስክሌት ከነዳችሁ ዓመታት ካለፉ ወይም አጠገባችሁ መኪና ሲያልፍ የምትደነግጡ ከሆነ ቺንኮቲግ ሂዱ። በደሴቲቱ ላይ የሚኖሩትን ፈረሶች ሳትፈልጓቸው ማየትና ሰፊ አሸዋ ላይ መዋል ከብስክሌቱ የሚበልጥባችሁ ከሆነ የሜሪላንዱን ጎን ምረጡ። የመኪናውን ጉዞ ማሳጠር ከፈለጋችሁ፣ የጦርነት ታሪክ ከወደዳችሁ፣ ወይም ሁለታችሁም ብስክሌት የለመዳችሁ ከሆናችሁ ሄንሎፐን ይሻላል። ሦስቱንም አንድ ቀን ላይ መደርደር አይታሰብ።

ምርጫው በአብዛኛው የሚበላሸው ከሁለቱ ጠንካራው ስለሚመርጥ ነው። እሱ ወይም እሷ 20 ማይል ምንም አይመስላቸውም፤ ሌላው ግን ስምንተኛው ማይል ላይ መቀመጫው ቆርጥሞት፣ ነፋሱ ፊቱን እየመታው፣ ለቀሪው ቀን ዝም ይላል። ስለዚህ ርቀቱንም ቦታውንም በደከም ያለው ልክ ቁረጡ። ጠንካራው ጉልበት ከተረፈው አንዱን ዙር ብቻውን ሊደግም ይችላል።

የመኪናው መንገድ

ከዋሽንግተን ወደ ሄንሎፐን 120 ማይል ግድም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የሜሪላንዱ አሳቲግ ወደ 145 ማይል፣ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ቺንኮቲግ ከሁሉም ይርቃል፤ 170 ማይል ገደማ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ። ወደ ሦስቱም የሚኬደው በአብዛኛው በመንገድ 50 የቼሳፒክ ቤይ ድልድይን ተሻግሮ ነው። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ ስትመለሱ አትከፍሉም። ድልድዩ አራት ማይል ከምናምን የሚረዝምና ከፍታው የሚያስፈራ ስለሆነ ከፍታ የማይወድ ሰው መሪውን ባይይዝ ጥሩ ነው።

በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር ከ7) በፊት ድልድዩን ካልተሻገራችሁ ወረፋ ይጠብቃችኋል፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ደግሞ ወረፋው በመመለሻው በኩል ነው። ከሳምንቱ መሐል አንድ ቀን ዕረፍት መውሰድ ከቻላችሁ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ያህል የሚመች የለም።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ስልካችሁ ላይ «አሳቲግ» ብላችሁ ብቻ ካስገባችሁ ወደ ሜሪላንዱም ወደ ቨርጂኒያውም ሊመራችሁ ይችላል። በደሴቲቱ ላይ ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ተሳስቶ የደረሰ ሰው ወደ ዋናው ምድር ተመልሶ፣ ዞሮ፣ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መንዳት አለበት። ለሜሪላንዱ ከመንገድ 50 ወደ 611 ትታጠፋላችሁ። ለቨርጂኒያው ከሶልዝበሪ በመንገድ 13 ወደ ደቡብ ወርዳችሁ በ175 ወደ ምሥራቅ ትዞራላችሁ፤ ከውሃውና ከረግረጉ በፊት በናሳ የዋሎፕስ ጣቢያ በኩል ካለፋችሁ ትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ቺንኮቲግ

ይህን ቦታ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው አንድ ደንብ ነው። በቺንኮቲግ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ ያለው የዋይልድላይፍ ሉፕ (የዱር እንስሳት ዙር) የሚባለው 3.2 ማይል ዙር መንገድ አስፋልት ነው፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 3) ድረስ መኪና አይገባበትም። ከማለዳ ጀምሮ የእግረኛና የብስክሌት ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ መንዳት የሚችልበት መንገድ በአሜሪካ በቀላሉ አይገኝም። ከ9 ሰዓት በኋላ መኪኖች ወፍ ሊያዩ በዝግታ እየተከታተሉ ይገባሉ፤ ፍጥነታቸው አያስፈራም፣ ጸጥታው ግን ያልቃል። ስለዚህ ዙሩን መጀመሪያ አድርጉት፣ የባሕሩን ዳርቻ ለኋላ አቆዩት።

መጠለያው በ1943 የተቋቋመው ለፈረስ ሳይሆን ለስደተኛ ወፎች ነው። ዙሩ የሚከበው ሰው ሠራሽ ኩሬ ስሙ የበረዶ ዝይ ኩሬ ነው፤ ዝይዎቹ ግን በብዛት የሚታዩት ብርዱ ሲጀምር ነው። በሌላው ጊዜ ነጫጭ ሳቢሳዎች ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመው ታገኛላችሁ። የሩቁን 8 እጥፍ የሚያቀርብ አንድ መነጽር ለሁለት ይበቃል።

የቀኑ ጉዞ እንዲህ ቢሆን ይመከራል። መኪናውን ከተማው ውስጥ በተፈቀደ ቦታ አቁሙና በማዶክስ ጎዳና በብስክሌት ወደ መጠለያው ተሻገሩ፤ ርቀቱ ከከተማው መሐል ሁለት ማይል ግድም ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚጠየቀው መኪና ስለሆነ በእግርና በብስክሌት የሚገባ አይከፍልም። ከዚያ የዱር እንስሳት ዙሩን ጨርሱ፤ ከዙሩ በምትገነጠለው የስዋን ኮቭ መንገድ ወደ ባሕሩ ውጡ፤ እዚያ ምሳ ብሉ፤ ስትመለሱ 1.6 ማይል የሆነውን የጥድ ጫካ ዙር፣ ዉድላንድ ትሬይልን ጨምሩ። በጠቅላላው ከ12 እስከ 14 ማይል ይሆናል፤ በዝግታ እየቆሙ ለሚነዱ የአምስት ሰዓት መዝናኛ ነው።

ፈረሶቹን በተመለከተ ግምታችሁን አስተካክሉ። የቨርጂኒያዎቹ ፈረሶች በአጥር ውስጥ ናቸው፤ ባለቤታቸውም መንግሥት ሳይሆን የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ቡድን ነው። የምታዩአቸው ከጫካው ዙር መመልከቻ ወይም ከመንገዱ ዳር ረግረግ ውስጥ ሲግጡ፣ ከሩቅ ነው። በጁላይ የመጨረሻው ረቡዕ ፈረሶቹ ውሃውን በዋና ሲሻገሩ ለማየት ሕዝብ ይጎርፋል። ያ ሳምንት ለጸጥታ የሚሄዱ ጥንዶች የሚሸሹት ሳምንት ነው።

ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባው የመብራት ግንብ በ1867 የተሠራ ነው፤ ቁመቱ 142 ጫማ፣ ማለትም 43 ሜትር ነው። ብስክሌታችሁን ከታች ቆልፋችሁ በእግር አንድ ሩብ ማይል ትወጣላችሁ። ግንቡ ውስጥ መውጣት የሚፈቀደው በወቅቱ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ደረጃው ብዙና ጠባብ ስለሆነ ከብስክሌቱ በፊት መውጣት ይሻላል፤ ከ12 ማይል በኋላ ጭን ይንቀጠቀጣል።

ሁለት ችግሮች አሉት። አንደኛው ትንኝ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ጫካው ውስጥ፣ ስትነዱ አትነኩም፤ ፎቶ ለማንሳት ቆም ስትሉ ግን ይወሯችኋል። ዲት የሚባለው ትንኝ ማባረሪያ ያለበት ቅባት (ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነው) እጅና እግር ላይ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው ረጅም ልብስ፣ በመንገዱ መሐል መሄድና ማታ መዥገር መፈለግ መፍትሔው ነው። ሁለተኛው፣ ውሻ ያላችሁ ከሆነ መጠለያው ውስጥ መኪና ውስጥ እንኳ አይፈቀድም። ውሻ ይዞ መሄድ ግድ ከሆነ ሜሪላንድ ነው።

የሜሪላንዱ አሳቲግ

እዚህ ብስክሌቱ አጋዥ እንጂ ዋናው ነገር አይደለም። ከጎብኚዎች ማእከል ተነስቶ በድልድዩ ጎን የሚያልፍ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከዚያ የቤይቤሪ ጎዳናን ተከትሎ ወደ ደቡብ አራት ማይል ግድም ይዘልቃል። ደርሶ መልስ ስምንት ማይል ነው፤ ጠንካራ ነጂ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። መንገዱ ከመኪናው የተለየ ሲሆን ቀጥ ያለና ጥላ የሌለው ነው።

እዚህ ሰውን የሚያስመጣው ፈረሱ ነው። የሜሪላንዶቹን ፈረሶች የሚከላከል አጥር የለም፤ መንገድ ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ አሸዋው ላይ ይመጣሉ። ጥፋት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ደንቡ ቢያንስ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር፣ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ያህል መራቅ ነው። ፈረሱ ወደ እናንተ ቢመጣ እናንተ ናችሁ የምትሸሹት። ይነክሳል፣ ይራገጣል፤ የምግብ ሽታ ያገኘበትን ቦርሳም በጥርሱ ይከፍታል። ምሳችሁን ብስክሌቱ ቅርጫት ውስጥ ትታችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ብርድ መያዣ ሳጥኑን መኪና ውስጥ ቆልፉት። ብስክሌት ላይ ሆናችሁ ፈረስ መንገዱን ከዘጋ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በፈረሱ መሐል ያዙ፣ ጠብቁ። መጥሪያ አትደውሉ።

ከብስክሌት ወርዶ የሚሄዱባቸው አጫጭር የእግር መንገዶች አሉ፤ ከእነዚያ አንዱን ብቻ ካያችሁ የአሸዋ ክምሩን (ላይፍ ኦቭ ዘ ዱንስ የሚባለውን) ምረጡ። እዚያ አሸዋ የዋጠው የአስፋልት ቁራጭ ታያላችሁ። ይህ ደሴት በ1950ዎቹ የመዝናኛ ቤቶች ከተማ ሊሆን ተሸንሽኖ፣ ባልቲሞር ቡለቫርድ የሚባል መንገድ ተነጥፎለት ነበር። በ1962 የመጣው ማዕበል ቤቶቹንም መንገዱንም ጠራርጎ ወሰደው፤ በ1965 ደሴቱ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሆነ። የፈረሶቹን ግጦሽ ያተረፈው ያ ማዕበል ነው፤ ይህን አውቆ ያንን የተሰባበረ አስፋልት ማየት ሌላ ነገር ነው።

ዋና የማትችሉ ከሆነ (ውቅያኖስ ሳናይ ያደግን ብዙ ነን) ከጉልበት በላይ አትግቡ። ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለ፤ የሕይወት አድን ጠባቂዎች የሚቆሙት በሰመር፣ በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ውሃው ከወሰዳችሁ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ከሚጎትተው ሞገድ ውጡና ከዚያ ተመለሱ።

ኬፕ ሄንሎፐን

ሄንሎፐን ከሦስቱ ብዙ ዓይነት መንገድ ያለው ነው። በፓርኩ ውስጥ የሚዞረው አስፋልት ሦስት ማይል ከምናምን ነው፤ በአሸዋ ኮረብታና በጥድ መሐል ስለሚያልፍ ትንንሽ አቀበቶች አሉት፤ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላይ ያለ ሰው አንዳንዱ ላይ ወርዶ ይገፋል። ከሄሪንግ ፖይንት ወደ ሪሆቦት ከተማ የሚወስደው የጎርደንስ ፖንድ መንገድ 3.2 ማይል ሲሆን የተፈጨ ድንጋይ የተነጠፈበትና ከፊሉ በረግረግ ላይ በእንጨት ድልድይ የሚያልፍ ነው። ደርሶ መልስ 6.4 ማይል ለመካከለኛ ነጂ ይበቃል። ብርቱዎች ሪሆቦትን አልፈው በጀንክሽን ኤንድ ብሬክዎተር መንገድ በኩል ወደ ልዊስ ከተማ ዞረው መምጣት ይችላሉ፤ ያ ከ15 ማይል በላይ ነው።

የሚጎበኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው የፎርት ማይልስ ምሽግ ነው። የዴላዌር ወንዝን መግቢያ ለመጠበቅ በ1941 የተገነባ ሲሆን የመድፎቹን ዒላማ ያሳዩ የነበሩት የሲሚንቶ ግንቦች አሁንም ቆመዋል፤ አንዱ ላይ ወጥቶ ውቅያኖሱንና የልዊስ ጀልባዎችን ማየት ይቻላል። ምሽጉ አጠገብ የተቀመጠው ግዙፍ የመድፍ አፈሙዝ ጃፓን በ1945 እጅ የሰጠችባት የዩኤስኤስ ሚዙሪ የጦር መርከብ መሣሪያ ነበር። በሜይና በጁን ደግሞ በዴላዌር ባሕረ ሰላጤ በኩል ያለው አሸዋ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ሸርጣኖች እንቁላል ለመጣል ይወጣሉ፤ ይህን ያህል ብዛታቸው በዓለም ሌላ ቦታ አይታይም።

በፀደይና በሰመር የፓርኩ ጫፍ ለጎጆ ሠሪ ወፎች ሲባል ይዘጋል። ዝናብ በጣለ ማግስት የጎርደንስ ፖንድ ጠጠር ይለሰልሳል፣ ቀጭን ጎማ ይሰምጣል። የመኪና መግቢያ ክፍያው ከማርች እስከ ኖቬምበር ሲሆን የሌላ ስቴት ታርጋ ከዴላዌር ታርጋ ይበልጥ ይከፍላል። የፌደራል ዓመታዊ ካርድ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ካርዱ የሚሠራው በሁለቱ የአሳቲግ ፌደራል ጎኖች ነው፤ እዚህና ከሜሪላንዱ ጎን ባለው የስቴት ፓርክ አይሠራም።

የራስ ብስክሌት፣ ኪራይ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ወይስ ኤሌክትሪክ

ቺንኮቲግ ከተማ፣ ልዊስና ሪሆቦት ላይ ኪራይ በቀላሉ ይገኛል። የራሳችሁን የምትወስዱት ጥሩ መያዣ ካላችሁ ብቻ ነው። በመኪናው ሻንጣ ላይ በገመድ የሚታሰረው መያዣ በአብዛኛው ለአንድ ብስክሌት 35 ፓውንድ ነው የሚችለው፤ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከ50 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። በሀይዌይ ንዝረት ማሰሪያው ይላላል። ለእሱ ከመኪናው ሥር በብረት የሚሰካው መያዣ ያስፈልጋል፤ ባትሪውን አውጥታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። ታርጋው እንዳይሸፈንም ተመልከቱ።

ባለ ሁለት መቀመጫው ብስክሌት ለጥንዶች ያማረ ይመስላል፤ በእርግጥም አንዱ በጣም ደካማ ከሆነ የተሻለው መፍትሔ እሱ ነው፤ አይለያዩም፣ ነፋሱን የፊተኛው ይከላከላል። የከበደው ወይም የጠነከረው ከፊት ይቀመጥ፤ መሪና ፍሬን የእሱ ስለሆነ። ጉዳቱ፣ አንዱ ሲደክም ሁለቱም መቆማቸው ነው። ስትጀምሩ ሁለታችሁም በአንድ እግር እንድትረግጡ ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ 15 ደቂቃ ተለማመዱ፤ የፊተኛው «ፍሬን»፣ «ጉብታ»፣ «እንቁም» እያለ ይናገር። የኋለኛው መንገዱን ስለማያይ ሳይነገረው ጉብታ ላይ ሲወጣ ወገቡን ይጎዳል።

ለአሸዋ ዳርቻ የሚመቸው 40 ሚሊሜትር ግድም ውፍረት ያለው ጎማ ነው፤ አስፋልት ላይ 50 ፒኤስአይ ገደማ፣ ጠጠር ላይ ትንሽ ዝቅ ይበል። ከጎማው ጎን የተጻፈውን መጠን አትለፉ። ራሱ አሸዋው ላይ መንዳት ከሞከራችሁ ግን ጎማው ይሰምጣል፣ አሸዋው ካቴናውን ይበላዋል። የመቀመጫው ከፍታ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሲሆን እግር የሚዘረጋበት ነው፤ ኪራይ ብስክሌት ላይ ሰዎች ዝቅ አድርገው ይተዉታል፣ ጉልበት የሚታመመው ከዚህ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የምትሄዱ ከሆነ ነጠላውንና ረጅም ቀሚሱን መኪና ውስጥ ቀይሩ፤ ጥለት ራጂ ውስጥ ከገባ ወዲያው ያስቆማል። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያና የጎማ መፈልቀቂያ ለሁለት ሰው አንድ አንድ ይበቃል።

ነፋስ፣ ምግብና ወቅት

ቀትር ሲቃረብ ምድሩ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው በኩል ይነሳል፤ በብዛት ከደቡብ ምሥራቅ። ስለዚህ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ሂዱ፣ ሲደክማችሁ ከኋላ ይግፋችሁ። የሜሪላንዱም የጎርደንስ ፖንድም መንገድ ወደ ደቡብ ወጥቶ ወደ ሰሜን ስለሚመለስ ለዚህ ይመቻል። ትንበያው ከ20 ማይል በሰዓት በላይ ካሳየ የሄንሎፐን ጥድ ወይም የቺንኮቲግ ጫካ ይከልላችኋል፤ የሜሪላንዱ መንገድ ምንም አይከልልም። መብረቅ ካለ ግን ሦስቱም ያጋልጧችኋል፤ አትውጡ።

በፓርኮቹ ውስጥ የሚሸጥ ምግብ ላይ አትተማመኑ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሙቀት የማይበላሽ ፍርፍር በዕቃ ይያዝ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ጀምሮ የሚገጥመው ከትንኙና ከሙቀቱ ጋር ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ በዚያ ፀሐይ መንዳት ራስን መሳት ያመጣል፤ ጾመኞች ከሆናችሁ ቀኑን ከመስቀል ወዲህ አድርጉት። ደግሞም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ጊዜ ነው፤ ትንኙ ይቀንሳል፣ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም፣ ድልድዩ ላይ ወረፋ የለም። ቀኑ ግን ስለሚያጥር ከቀኑ 11 ሰዓት (በአሜሪካ 5) በፊት መኪናችሁ ጋ ድረሱ።

ቤት ስትገቡ ቢደክማችሁም ብስክሌቱን በዚያው ምሽት በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ኃይለኛ ውሃ ጨውንና አሸዋውን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። በጨርቅ አድርቁ፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡና ትርፉን ጥረጉ። ሳይታጠብ ጋራዥ የገባ ብስክሌት በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቴናው ዝጎ ይጠብቃችኋል።